የሳሩ ዋጋ ስንት ነው?

(በማኅበራችን የመጋቢት ወር ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኙ አባላት ስለጠየቁ ሙሉውን አትመነዋል።)



ባለፈው ስብሰባ "የሚቀጥለው ተራ ያንቺ ነው" ስባል ስለ ጤና ወይም ስለ ልጆች አስተዳደግ እንደምናገር የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ሳር ልናገር ነው። ርዕሱን ስነግራት ሰብሳቢያችን ሳቀች። "ደግሞ ሳር ምን ወሬ አለው?" አለችኝ። "በአንድ ዓመት ከ3,000 ዶላር በላይ አስከፍሎኛል" ስላት ሳቋን ተወችው። "እንግዲያው ተናገሪ" አለችኝ።

እናቴ በዓል ሲመጣ ቄጤማ ገዝታ ቤቱን ትጎዘጉዝ ነበር። ሳር ገንዘብ ተከፍሎበት ወደ ቤት ሲገባ እያየሁ ነው ያደግሁት። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቼ ደግሞ ሳር ተቆርጦ እንዲሄድልኝ የምከፍል ሰው ሆንኩ። እናቴ በሕይወት ኖራ ብትሰማ "ለላም እንኳ አይሆንም?" ትለኝ ነበር።

ባለቤቴ በነበረበት ጊዜ ሳሩ የእሱ ሥራ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቡናውን ጠጥቶ ይወጣል፣ ማሽኑን ያስነሳል፣ ሲጨርስ ልብሱ ሳር ሳር እየሸተተ ይገባል። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚታጨድ ጠይቄው አላውቅም። እሱ ያረፈው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። የዚያን ሰሞን ቤታችን በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። እናንተም ድስት ተሸክማችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ ሌሊቱን አብራችሁኝ አድራችሁ አጽናንታችሁኛል። ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ያኔ ስለ ሳር ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ማንስ ያስባል? ሳሩ ግን ሐዘን አያውቅም። በዚህ አገር በሚያዝያና በግንቦት እንደ እርሾ ነው የሚነሣው። አንድ ቀን ከፖስታ ሳጥኑ ከካውንቲው የተላከ ደብዳቤ አወጣሁ። ሳርሽ ከ12 ኢንች በላይ አድጓል፣ በተሰጠሽ ቀን ውስጥ ካላሳጨድሽ ትቀጫለሽ የሚል ነበር።

ያን ደብዳቤ ይዤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ሳሩ አልነበረም። ቤቱን ብቻዬን መያዝ አልችልም ማለት ነው ብዬ ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ስሜት ታውቁታላችሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ጨዋ የሚመስል ወጣት በሩን አንኳኳ። የኩባንያውን ስም የተጻፈበት ሸሚዝ ለብሷል፣ በእጁ ታብሌት ይዟል። "ሳርሽን ሙሉ በሙሉ እኛ እንያዝልሽ፣ አታስቢ" አለኝ። በዚያን ጊዜ "አታስቢ" የሚለውን ቃል የሚነግረኝ ሰው ካገኘሁ ምንም እፈርም ነበር። ሳሎን ውስጥ ሰው ተቀምጧል፤ በእነሱ ፊት ስለ ገንዘብ መከራከር ነውር መሰለኝ። በጣቴ ታብሌቱ ላይ ፈረምኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እኔ እያለቀስኩ የታጠቅሁትን ለመፍታት ግን አንድ ዓመት ወሰደብኝ።

በዓመቱ መጨረሻ ልጄ ከኮሌጅ ለዕረፍት መጥታ የባንክ ወረቀቶቼን ስታስተካክል "እማዬ፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለሳር ነው?" አለችኝ። ቁጭ ብለን ደመርነው። ለአጨዳ በየጊዜው 65 ዶላር፣ 30 ጊዜ፤ 1,950 ዶላር። ለማዳበሪያና ለአረም መድኃኒት በየጊዜው 85 ዶላር፣ ሰባት ጊዜ፤ 595 ዶላር። አፈር ለመብሳትና ዘር ለመጨመር 420 ዶላር። ለቅጠል ማንሣት 380 ዶላር። ድምሩ 3,345 ዶላር ሆነ። እኔ በሌሊት ፈረቃ አረጋውያንን የምንከባከብ ሴት ነኝ። ስንት ሌሊት ነቅቼ ያገኘሁት እንደሆነ እናንተው አስሉት።

በማግስቱ ስልክ ደወልኩና "እያንዳንዱ ሥራ ለምን ይህን ያህል እንደሆነ ንገሩኝ" አልኩ። የተሰጠኝ መልስ "ፓኬጅ ነው" የሚል ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፣ ሦስት ጊዜ "ፓኬጅ ነው" ተባልኩ። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ ቢፈቀድልኝ ይህን እላችኋለሁ፦ ፓኬጅ ዋጋ አይደለም። ዋጋ ማለት ለየትኛው ሥራ፣ ለስንት ስፋት፣ ለስንት ጊዜ የሚለው ሲመለስ ነው።

መጀመሪያ ግቢያችሁን ለኩ

ያ ወጣት ሲያስፈርመኝ "ቦታሽ 9,000 ካሬ ጫማ ነው" ብሎ ነበር። እውነቱን ነው፤ ቁጥሩ በካውንቲው መዝገብ ላይ አለ። ነገር ግን 9,000 የመሬቱ ስፋት እንጂ የሳሩ ስፋት አይደለም። ቤቱ ራሱ መሬት ይዟል። የመኪና መግቢያው፣ በረንዳው፣ ከዛፉ ሥር ያለው ባዶ አፈር፣ አበባ የተተከለበት ሁሉ ይቀነሳል።

እኔና ልጄ የልብስ ሰፊ ሜትር ሳይሆን ረጅሙን የግንበኛ ሜትር ይዘን ወጣን። ከፊት ለፊት 50 ጫማ በ40 ጫማ፣ ማለትም 2,000። ከጓሮ 60 በ45፣ ማለትም 2,700። በጎን በኩል 10 በ30፣ ማለትም 300። ጠቅላላ ሳሩ 5,000 ካሬ ጫማ ነው። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የማዳበሪያና የመድኃኒት ዋጋ የሚተመነው በስፋት ስለሆነ ነው። የሜሪላንድ ሕግ ለ1,000 ካሬ ጫማ ሳር በአንድ ጊዜ ከ0.9 ፓውንድ በላይ ናይትሮጅን መጨመር አይፈቅድም። እንግዲህ ለ9,000 የሚበቃውን ማዳበሪያ በ5,000 ላይ አፍስሰውት ከሆነ ሕግ ጥሰዋል፤ ሳሬንም አቃጥለዋል። ለ5,000 የሚበቃውን ብቻ ጨምረው ከሆነ ደግሞ ለ4,000 ካሬ ጫማ ያልተሠራ ሥራ ከፍያለሁ። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ሒሳቡ ከእኔ ኪስ ነው የወጣው።

ሦስቱን ሥራ ለዩ

"የሳር እንክብካቤ" ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ሦስት የተለያየ ሥራ ነው። አንዱን ከአንዱ ሳንለይ ዋጋ መጠየቅ፣ ገበያ ወጥቶ "ወጥ ስንት ነው?" እንደማለት ነው።

የመጀመሪያው አጨዳ ነው። በአጨዳ ውስጥ ዳር ዳሩን በክር ማሽን መቁረጥና የእግር መንገዱ ላይ የተበተነውን በንፋስ ማሽን መጥረግ አብሮ ይገባል፤ ተጨማሪ ሊጠየቅበት አይገባም። በእኛ አካባቢ እስከ 5,000 ካሬ ጫማ ለሚደርስ ተራ ግቢ ብዙውን ጊዜ በአንድ አጨዳ ከ40 እስከ 60 ዶላር ይጠየቃል። ግቢው ዳገት ከሆነ፣ አጥር ከበዛበት፣ ወይም የጓሮው በር ጠቦ ትልቁ ማሽን ካልገባ ከፍ ይላል፤ ያ ተገቢ ነው። ሳሩ ሳይታጨድ ከርሞ ጉልበት ካለፈ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን እጥፍ ቢጠየቅ አትደንግጡ። ሁለተኛው ቀን ግን ወደ መደበኛው ዋጋ መመለስ አለበት።

ከዋጋው ይልቅ የምንከስረው በብዛቱ ነው። በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ግቢዎች በብዛት ያለው ፌስኪው የሚባለው ሳር ቀዝቃዛ ወቅት የሚወድ ነው። በጸደይና በመኸር ይፈነዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ግን ያንቀላፋል፣ ቡና ዓይነት ይሆናል። አልሞተም፤ ተኝቷል። እኔ በእነዚያ ወራት ያላደገ ሳር በየሳምንቱ ሳሳጭድ ነበር። ማሽኑ አቧራ እያነሣ ሲዞር በመስኮት አየው ነበር፤ ግን ምን አውቄ? አሁን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከአፕሪል እስከ ጁን በየሳምንቱ፣ 13 ጊዜ፤ በጁላይና በኦገስት በየሁለት ሳምንቱ፣ አራት ጊዜ፤ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር በየሳምንቱ፣ ዘጠኝ ጊዜ አሳጭዳለሁ። ድምሩ 26 ነው። ዝናብ የበዛበት ዓመት ከሆነ አንድ ሁለት ይጨመራል።

ሌላው ቁመቱ ነው። አጫጁ ሳሩን ከ3 እስከ 4 ኢንች ላይ እንዲተወው ንገሩት። "ዝቅ አድርገህ ቁረጠው፣ ቶሎ እንዳያድግ" የምንል አለን፤ እኔም እል ነበር። ራሱን የተላጨ ሳር ሥሩ ይደክማል፣ ፀሐይ አፈሩን ታገኘዋለች፣ አረም ይገባል። ከዚያ ለአረሙ መድኃኒት እንከፍላለን። የታጨደውንም እዚያው ይተዉት። ብስባሹ ራሱ ማዳበሪያ ነው፤ በከረጢት ሰብስቦ ለመውሰድ ተጨማሪ መክፈል ማዳበሪያን ገንዘብ ጨምሮ ማስጣል ነው።

ሁለተኛው ሥራ ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት ነው። ለእንደ እኔ ያለ ግቢ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጉብኝት ከ50 እስከ 80 ዶላር ይጠየቃል። ነገር ግን ሰባት ጉብኝት ለምን? ለፌስኪው ዋናው የማዳበሪያ ጊዜ መኸር ነው። በበጋ ሙቀት መጨመር ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። ሕጉንም እወቁ። ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የሜሪላንድ ሕግ መሠረት ከኖቬምበር 16 እስከ ማርች 1 የቤት ባለቤት ሳሩ ላይ ማዳበሪያ መጨመር አይችልም። ለሙያተኛ ትንሽ ይራዘምለታል፤ ከዲሴምበር መጀመሪያ በኋላ ግን ለእሱም የተከለከለ ነው። ሕጉ የወጣው በዝናብ የሚታጠበው ማዳበሪያ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ውኃውን ስለሚያበላሽ ነው። እንግዲህ በፌብሩዋሪ በራችሁን አንኳኩቶ "ዛሬውኑ ማዳበሪያ ልጀምርልሽ" የሚል ሰው ከመጣ፣ ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ እናንተ አታውቁም ብሎ ነው።

በሞንጎመሪ ካውንቲ የምንኖር ደግሞ ሌላ ሕግ አለን። ካውንቲው በ2015 ባወጣው ሕግ መሠረት ብዙዎቹ የተለመዱ የአረም መድኃኒቶች በግል ግቢ ሳር ላይ እንኳ ለውበት ተብለው አይረጩም። መድኃኒት የሚረጭ ድርጅት ከሜሪላንድ ግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከረጨም በኋላ ሳሩ ላይ ምልክት ተክሎ መሄድ አለበት። የልጅ ልጆች ያሏችሁ፣ ሳሩ ላይ የሚንከባለሉ፣ ይህን በደንብ ያዙ። ምን እንደተረጨ በጽሑፍ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አፈሩን አስመርምሩ። ትንሽ አፈር በከረጢት አድርጋችሁ ለምርመራ ላቦራቶሪ ትልካላችሁ፤ ወጪው ከአንድ ጊዜ አጨዳ ያነሰ ነው። ውጤቱ ኖራ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ምን እንደጎደለ ይነግራችኋል። ሐኪም ደም ሳይመረምር ሰባት መርፌ ቢያዝ እሺ አንልም።

ሦስተኛው በዓመት አንዴ የሚሠራው ነው። "ኤሬሽን" የሚሉት መሬቱን በማሽን እየበሱ ትንንሽ የአፈር ቁራጮች የሚያወጡበት ሥራ ነው፤ የተጠቀጠቀ አፈር እንዲተነፍስ ያደርጋል። ዘር የሚጨመረውም አብሮ ነው። ጊዜው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው። በጸደይ ቢዘሩት ቡቃያው ሥር ሳይሰድ ሙቀት ይደርስበትና ይሞታል። አፈሩ እጅግ ካልጠበቀ በቀር በየሁለት ዓመቱ ይበቃል። ትልቅ ዛፍ ሥር ግን ዘር አትጨምሩ። ፀሐይ በሌለበት ፌስኪው አይጸናም፤ በየዓመቱ ዘርቶ በየዓመቱ ማጣት ነው።

ርካሹም አስከፍሎኛል

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ውድ ነው። አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ።

ውሉን ካፈረስኩ በኋላ ንዴት ይዞኝ ነበር። "ከእንግዲህ ማንም አያታልለኝም" ብዬ ማልኩ። በመንገዳችን አንድ አሮጌ ፒካፕ ያለው ብቻውን የሚሠራ ሰው ያልፍ ነበርና አስቆምኩት። 40 ዶላር አለኝ። በ25 ካልሆነ አልፈልግም አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና "እሺ" አለኝ። በልቤ ጎበዝ ነኝ አልኩ።

በአራተኛው ሳምንት ከማሽኑ ሥር የተፈናጠረ ድንጋይ የጎረቤቴን መኪና መስኮት ሰበረ። ሮጬ ስወጣ ማሽኑን አየሁት። ድንጋይ የሚከለክለው የጎን መሸፈኛው የለም፤ ተሰብሮ ወድቋል። "ኢንሹራንስ አለህ?" አልኩት። አንገቱን ደፋ። መሸፈኛውን እንኳ ለመግዛት አልተረፈውም፤ ኢንሹራንስ ከየት ያምጣ? የጎረቤቴን መስኮት እኔ ከፈልኩ። በ15 ዶላር ቅናሽ አራት ጊዜ ያተረፍኩት 60 ዶላር ነው። የመስኮቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። እኔ ራሴ በሰዓት የምከፈል ሠራተኛ ነኝ። "ሌላ ሰው በዚህ ያነሰ ይሠራል" ተብዬ ዝም ያልኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ቤት የምታጸዱ፣ ልጅ የምትጠብቁ፣ አረጋዊ የምታነሡ አላችሁ። ያ ሰውዬ ዝም ሲል ያየሁት ፊት የእኛ ፊት ነው። ያኔ ግን አላወቅሁትም።

ስለዚህ ሒሳቡን ከሠራተኛው በኩልም እንሥራው። ሁለት ሰዎች መጥተው በእኔ ግቢ 25 ደቂቃ ቢሠሩ፣ ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ 10 ደቂቃ ቢጨመር፣ የሁለቱ ሰዓት ሲደመር 70 ደቂቃ ይሆናል። በሜሪላንድ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ነው፤ በሞንጎመሪ ካውንቲ ከዚያም ይበልጣል። ለከባድ ሥራ በሰዓት 20 ዶላር ቢከፈላቸው የጉልበቱ ብቻ 23 ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ የደመወዝ ግብር አለ፣ የኢንሹራንስ አለ፣ ቤንዚን አለ፣ የማሽን ስለት አለ፣ የመኪናው አለ። የድርጅቱ ባለቤትም ልጆች ያሳድጋል። 45 ዶላር እንዲህ ነው የሚመጣው። በ20 እና በ25 ዶላር ሁለት ሰው ይዤ እመጣለሁ የሚላችሁ ካለ ከእነዚህ አንዱ ጎድሏል። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው የሠራተኛው ነው።

ተገቢ ዋጋ ማለት ዝቅተኛው ዋጋ ማለት አይደለም። እኔም የማልበዘበዝበት፣ ሳሬን የሚያጭደውም ሰው የማይበዘበዝበት ዋጋ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት

በሦስተኛው ዓመት ሦስት ድርጅቶች ጠርቼ፣ እየመጡ ግቢውን ዓይተው በጽሑፍ ዋጋ እንዲሰጡኝ አደረግሁ። አንዱ 60፣ አንዱ 45፣ አንዱ 40 አሉ። 45 ያለውን መረጥሁ፤ የኢንሹራንሱን ማስረጃ ሳልጨቃጨቀው ከኢንሹራንስ ድርጅቱ በቀጥታ ስላስላከልኝ። እናንተም እነዚህን ጠይቁ።

እያንዳንዱ ሥራ ለየብቻ ዋጋው ተጽፏል? ሳሩ ስንት ካሬ ጫማ ተብሎ ተያዘ? ዝናብ ዘንቦ ካልመጡ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም? ሙቀት ሲሆን መዝለል ይቻላል? የኃላፊነት ኢንሹራንስ አላቸው? ሠራተኛ ቢጎዳስ የሚሸፍን አላቸው? ማቆም ብፈልግ ስንት ቀን አስቀድሜ ልንገር?

የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፦ ውሉ በራሱ ይታደሳል? በእኔ ውል ውስጥ፣ ልጄ በደቃቁ ጽሑፍ ያገኘችው፣ "ደንበኛው እንዲቆም እስካልጠየቀ ድረስ አገልግሎቱ በየዓመቱ ይቀጥላል" የሚል ነበር። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥረውታል። ለዓመቱ በሙሉ አስቀድማችሁ ብትከፍሉ ቅናሽ አለ ቢሏችሁም፣ ሥራቸውን ሳታዩ አትክፈሉ።

ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ያስፈረማችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን አትርሱ። በፌዴራሉ ደንብ መሠረት 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ቤታችሁ መጥቶ የሸጠላችሁን፣ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። ሻጩም ይህን መብት ሊነግራችሁና የመሰረዣ ቅጽ ሊሰጣችሁ ይገባል። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ለቀስተኞቹ ከሄዱ በኋላ ቁጭ ብዬ አንብቤ እሰርዘው ነበር።

ይሉኝታ ግን ደንብ አያውቅም። "ምን ይሉኛል፣ ቋንቋዬ ይሰበራል፣ ድሃ መስዬ እታያለሁ" እያልን ዋጋ ሳንጠይቅ እንፈርማለን። እኔ 3,345 ዶላር ከከፈልኩበት ውስጥ ስንቱ የሳር እንደሆነ፣ ስንቱ የይሉኝታ እንደሆነ ልንገራችሁ። በሦስተኛው ዓመት ለአጨዳ 45 ዶላር 26 ጊዜ፣ 1,170 ዶላር ከፈልኩ። ማዳበሪያውን በመኸር ራሴ በተንኩ፤ ከነአፈር ምርመራው 70 ዶላር ወጣ። ኤሬሽንና ዘር 250 ዶላር። ቅጠሉን ልጆቼ በማሽን አደቀቁት፤ የቀረውን ለማስነሣት 120 ዶላር። ድምሩ 1,610 ነው። ሳሩ ያው ሳር ነው፤ እንዲያውም አምሮበታል። ልዩነቱ 1,735 ዶላር ነው። እሱ ነው የይሉኝታ ዋጋ።

ኤሬሽን በሌለበት ዓመት ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል። ከጓሮ ፀሐይ የሚመታውን ጥግ ቆፍሬ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ ተክያለሁ። የሚታጨደው ቀነሰ፣ የሚበላው ጨመረ። ጉልበትና ጊዜ ያላችሁ በባትሪ የሚሠራ ማሽን ገዝታችሁ ራሳችሁ እጨዱት፤ ዋጋው በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለሳል። ጉልበት የሌላችሁ ወይም እንደ እኔ ሌሊት የምትሠሩ ደግሞ ስለ ከፈላችሁ አትፈሩ። ማስጨድ ቅንጦት አይደለም። ሳታውቁ መክፈል ነው ጉዳቱ።

ለማኅበራችን

ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁና አቀባበሉን ለእናንተ እተዋለሁ።

አንደኛ፣ አንድ የዋጋ ደብተር እንክፈት። ቤት ያላችሁ አባላት የሳራችሁን ስፋት፣ የምትከፍሉትን፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚታጨድ ጻፉ። የማንም ስም አያስፈልግም። አዲስ ቤት የምትገዛ እህት ይህን ደብተር ዓይታ ትግባ። የቤት ዋጋና የወለድ መጠን እየነገርናት የሳሩን ሳንነግራት ቤት ግዢ አንበላት።

ሁለተኛ፣ የማዳበሪያ መበተኛ ጋሪና አንድ ረጅም ሜትር ማኅበሩ ይግዛ። በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ለሚያስፈልግ ዕቃ እያንዳንዳችን መግዛት የለብንም። ድንኳንና ወንበር በጋራ እንደምንይዘው ማለት ነው። ደጋፊዎቻችን፣ ይህ ትንሽ ወጪ ነው፤ የሚመልሰው ግን ብዙ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። አባላችን ሐዘን ሲደርስባት እንጀራና ወጥ ይዘን እንሄዳለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን። ከዛሬ ጀምሮ ከመካከላችን ሁለት ሰው ይመደብና የፖስታ ሳጥኗን ይክፈትላት፣ ደብዳቤዋን ያንብብላት፣ በር የሚያንኳኳውን "በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ" ይበልላት። ሳሯንም ለአንድ ወር እኛ እናሳጭድላት። አራትና አምስት ቤት በአንድ መንገድ ላይ በአንድ አጫጅ ቢያሳጭድ እሱም የጉዞ ጊዜ ይቆጥባል፣ እኛም ይቀንስልናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ለሳርም ይሠራል።

ያ አሮጌ ፒካፕ የነበረው ሰው ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው መኸር በመንገዳችን ሲያልፍ አየሁትና አስቆምኩት። ማሽኑ አዲስ መሸፈኛ አለው። ኢንሹራንስም ማውጣቱን ነገረኝ፤ ወረቀቱንም አሳየኝ። አሁን የማኅበራችን አባል የሆነች አንዲት ጎረቤቴን ሳር ያጭዳል። እኔ ነኝ ያገናኘኋቸው። በ40 ዶላር ነው፤ ማንም አልተከራከረውም።